ቁም ንባብ በሮሃ

ፀሐይ ከአሸተን ማርያም ተራራ በላይ ብቅ ከማለቷ በፊት ላሊበላ፣ የቀድሞዋ ሮሃ፣ የምትደመጥ እንጂ የምትታይ ከተማ አይደለችም። ነጠላ የተከናነቡ ምእመናን በዐለቱ መካከል በተፈለፈሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ሲወርዱ ኮቴያቸው ይሰማል፤ ከቤተ ማርያም ግድም የዳዊት ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያ ብርሃኑ ቀስ ብሎ ይወርድና ግራጫ የነበረው ድንጋይ ይቀላል። ይህን ትዕይንት 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በድንጋይ ከታነጸች ባለ ፎቅ የላስታ ጎጆ ደጃፍ ተቀምጬ ስመለከት ጉልበቴ ላይ ገና ያልተከፈተ መጽሐፍ ነበር። ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት በረራ ይዤ የመጣኋት ሻንጣ ከልብስ ይልቅ መጻሕፍት የበዙባት ናት። ልብ ወለድ አለባት፣ ታሪክ አለባት፣ ግጥም አለባት፣ ሌላው ቀርቶ የምግብ መጽሐፍም አለባት። ሁሉም በመዲናዋ ግርግር መካከል በጨረፍታ ገልጬ "እመለስባቸዋለሁ" ብዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

እንዴት እንደምመለስባቸው የነገሩኝ ግን አንድ የንባብ ቤት መምህር ናቸው። ከጎጆዬ ቁልቁል፣ አንድ የወይራ ዛፍ ሥር፣ ደበሎ የለበሱ ልጆች ከወገባቸው እየተወዛወዙ መልእክተ ዮሐንስን ያነባሉ። አንዱ ትንሽ ልጅ ያንኑ ገጽ ሲመላለስበት ባየሁ ጊዜ ጠጋ ብዬ፣ "የኔታ፣ ይህ ልጅ ይህችን ገጽ ገና አልዘለቃትም?" አልኳቸው።

"ዘልቋታል እንጂ ልጄ" አሉኝ ፈገግ ብለው። "ቁጥሩን ጨርሷል፣ ግእዙን ጨርሷል፣ አሁን ውርዱ ላይ ነው። ቁሙ ይቀረዋል።"

የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ አንባቢ ሊያደንቀው የሚገባ ሥርዓት ነው። በቁጥር ንባብ ልጁ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ ይጠራል፤ በግእዝ ቃሉን ረጋ ብሎ፣ በዜማ ይጎትተዋል፤ በውርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አካሄዱን ያለምዳል፤ በቁም ንባብ ግን ተነሽና ወዳቂው፣ ተጣይና ሰያፉ ሁሉ ቦታውን ይዞ ቃሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ገጽ አራት ጊዜ ይነበባል ማለት ነው፤ ሳይታከት፣ ሳይዘለል። እኛ በስልካችን መስኮት የመጽሐፍ አስተያየት እየሸረፍን "አነበብኩት" የምንል ሰዎች ከዚህ ልጅ ፊት ቆመን ብናፍር ይገባናል። እኔ አፍሬ ወደ ሻንጣዬ ተመለስኩ፤ የትኞቹ አዳዲስ መጻሕፍት ለቁም ንባብ እንደሚበቁም ለማየት ወሰንኩ።

አዲስ መጽሐፍ ስል በላስታ ሚዛን ነው። ስለ ቅዱስ ላሊበላ የሚናገረው ገድል የተጻፈው ከንጉሡ ዘመን 200 ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን ለንደን ካለ ብራና ላይ ቀድቶ፣ ከነትርጉሙ በፓሪስ ያሳተመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። እንዲህ ባለ አገር የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመት መጽሐፍ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

መጀመሪያ የከፈትኩት በዓይነቱ እንግዳ የሆነውን አዲስ መጽሐፍ ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈውን አዲስ መጽሐፍ። የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያ መጽሐፍ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። በአማርኛ ያላነበበው የእኔ ዘመን ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን አልተርክም። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ላይ ሮማንን ትቶ አስመራ ላይ ፊያሜታን ያገኛል፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ያስገረመኝ የትርጉሙ ፍጥነት ነው። በዓሉ የጋዜጠኛ ብዕር ስለነበረው አጫጭር ዐረፍተ ነገሮቹ ባሕር ተሻግረውም አልደከሙም፤ የስለላው ውጥረትም እንዳለ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነው። በአማርኛ ሁለት ሰዎች ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" እና ወደ "አንቺ" ሲሻገሩ አንድ ሙሉ የፍቅር ምዕራፍ ተጽፏል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለአለቃም፣ ለሎሌም፣ ለፍቅረኛም ያለው አንድ ቃል ነው። ተርጓሚዎቹ ጥፋት የለባቸውም፤ የቋንቋው ድህነት ነው። ቢሆንም ይህ እትም ከበዓሉ መጥፋት በኋላ ለስሙ ከተደረገለት ሁሉ የላቀ ክብር ነው እላለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ከባዱ ነው፤ በክብደቱም፣ በጉዳዩም።

ማሪ ሎር ዴራ የተባለችው ፈረንሳዊት የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ "የቅዱስና የነጣቂ ሥርወ መንግሥት እንቆቅልሽ" ለማለት ይቀርባል፤ የዛጔ ነገር ነው። ይህን መጽሐፍ ላስታ ላይ ተቀምጦ ማንበብ ሌላ ቦታ ከማንበብ ይለያል። እዚህ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም የሚባለው ሐርቤ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ ነገሥታት ብቻ ሳይሆኑ ቅዱሳን ናቸው፤ ጽላት አላቸው፣ በዓል አላቸው፣ ልጅ በስማቸው ይጠራል። ከእ.ኤ.አ. 1270 ጀምሮ የነገሠው የይኩኖ አምላክ ወገን ያጸናው ትረካ ግን የእስራኤልን ዙፋን የነጠቁ ናቸው ይላቸዋል። አንድ ቤት እንዴት ቅዱስም ነጣቂም ይሆናል? ዴራ ጥያቄውን ከክብረ ነገሥት ወደ ኋላ እየቆጠረች ሳይሆን ከራሳቸው ከዛጔዎቹ ዘመን ተነሥታ ትመረምረዋለች። ነገሥታቱ ጣንጠውድምና ላሊበላ በወንጌል ብራናዎች ላይ ያስመዘገቧቸውን የርስት ስጦታዎች፣ በመንበረ ታቦት ላይ የተቀረጹ ጽሑፎችን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ድንጋይ ራሱን ትጠይቃለች። ከዚያ የሚወጣው ምስል ነጣቂነትን የሚያውቅ መንግሥት ሳይሆን ራሱን የአክሱም ክርስትና ወራሽ አድርጎ የሚያይ መንግሥት ነው። ነጣቂ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ከእነርሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

መጽሐፉ ለዓይን ደረቅ ነው፤ የግርጌ ማስታወሻው ከገጹ ይበልጣል ለማለት ይቃጣል። በጨረፍታ የሚያነበው ሰው ይሸሸዋል። ነገር ግን ቁጥሩንና ግእዙን ታግሦ ለጨረሰ አንባቢ፣ በውርዱ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ይጀምራል፤ ብራናዎቹ እርስ በርሳቸው መነጋገር ይጀምራሉ። እኔ ምዕራፉን ዘግቼ ወደ ቤተ ጎልጎታ ደጅ ወረድኩ። ገድሉን ሰምቼ አድጌ ነበርና ንጉሡን ከመላእክት ጋር ሲጠርብ እንጂ እንደ አስተዳዳሪ አስቤው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን በአንድ እጁ መጥረቢያ፣ በሌላው የርስት መዝገብ የያዘ ሰው ሆኖ ታየኝ። ቅድስናው አልቀነሰብኝም፤ እንዲያውም ቀረበኝ።

የድንጋዩን ዕድሜ በተመለከተ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸውም ራሱን የቻለ ውብ ንባብ ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፉ ሥራው በአንድ ንጉሥ ዘመን የተጠናቀቀ ሳይሆን በየደረጃው የተካሄደ ነው ይላል፤ ቤተ መርቆሬዎስንና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ወደ 7ኛውና 8ኛው ክፍለ ዘመን ይወስዳቸዋል፣ መጀመሪያም ለቤተ ክርስቲያንነት የተፈለፈሉ ላይሆኑ ይችላሉ ብሎ ይጠረጥራል። ዣክ መርሲዬና ክሎድ ለፓዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ትልቅ የሥዕልና የፎቶግራፍ መጽሐፍ ደግሞ ንጉሡን ወደ መሐል ይመልሰዋል። በክርክሩ ማን እንደረታ እኔ አልፈርድም። በውበት ግን እፈርዳለሁ፤ የመርሲዬና የለፓዥ መጽሐፍ በእጅ የሚያዝ ሙዚየም ነው። የቤተ ማርያም ጣራ ሥር ያሉት ሐረጎችና እንስሳት፣ መስቀሎቹ፣ የእንጨት መንበሮቹ፣ በቦታው ቆመን በጨለማው ምክንያት የምናልፋቸው ነገሮች ሁሉ በገጹ ላይ በርተዋል። እውነቱን ለመናገር በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የተተከለው የብረት መጠለያ ጥላውን ከጣለባቸው ወዲህ፣ ዓይን ያጣውን ፀሐይ መጽሐፉ ውስጥ ማግኘት ያሳዝናልም፣ ያጽናናልም።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ይህን ሥፍራ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝቦን ላይ በታተመው መጽሐፉ የጻፈው ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይላል። አንባቢ አያምነኝም ብሎ መጻፉን ለማቆም ተቃርቦ ነበር፤ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑንም በእግዚአብሔር ስም ምሏል። አምስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ጉዳዩ ተገልብጧል። ዛሬ ፎቶግራፉን ያላየ የለም፤ ቁም ነገሩን አንብቦ የጨረሰው ነው የጠፋው።

የጀርመናዊቷ የቬሬና ክሬብስ መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 2021) ከሁሉም ይልቅ ማታ ማታ የጓጓሁለት ነው። የታሪክ መጽሐፍ ሆኖ የሐር፣ የወርቅና የብር ሽታ አለው። እስካሁን ስንማር የኖርነው የመካከለኛው ዘመን ነገሥታታችን ወደ አውሮፓ መልእክተኛ የላኩት መሣሪያና የጦር አጋር ፍለጋ ነው የሚል ነበር። ክሬብስ ምንጮቹን ደግማ አንብባ የለም ትላለች። የፈለጉት ንዋየ ቅድሳትና ባለ እጅ ነው፤ የፈለጉትም ከእጥረት ሳይሆን ከምርጫ፣ ለሚያንጿቸው አብያተ ክርስቲያናት ጌጥና ክብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1402 የዓፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ሲገቡ ነብሮች አስከትለው ነበር፤ ሲመለሱ የእጅ ባለሙያዎችንና ንዋየ ቅድሳትን ይዘው ነው። ቬኒስ ያን ጊዜ የዓለም ገበያ እንብርት ነበረች፤ የእኛ ሰዎች እንደ ችግረኛ ሳይሆን እንደ ደንበኛ፣ ያውም ምርጫ እንደሚያውቅ ደንበኛ ገቡባት። ለወሎ ሰው ይህ ምዕራፍ ልዩ ጣዕም አለው፤ መስከረም 21 ቀን ግሸን የሚወጣ ሁሉ የግማደ መስቀሉን መምጣት ከዓፄ ዳዊት ስም ለይቶ አያየውም። አምባሰል፣ ግሸን ላይ የሚተረከውና ቬኒስ መዝገብ ላይ ያለው አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ፣ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣራ ጣራ አየሁ። ክሬብስ አንዳንድ ጊዜ መከራከሪያዋን ትደጋግማለች፤ ያ ይቅር ይባልላታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በላስታ ገዳማት የሚታዩት ብራናዎች ለምን እንደሚያምሩ የሚታወቀው አሠራራቸው ሲታወቅ ነው። የፍየሉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፤ ገጹ በወስፌ ይሰመራል፤ በመቃ ብዕር ጥቁሩ ይጻፋል፣ የቅዱሳኑ ስም በቀይ ይገባል፤ ጥራዙ በጅማት ይሰፋል፣ የእንጨት ገበታው በተደጎሰ ቆዳ ይለበጣል፣ ማኅደር ይሰፋለታል። ከዚያ በኋላ አምስት መቶ ዓመት ይነበባል። እኔ ደግሞ በሻንጣዬ ካመጣኋቸው የአማርኛ መጻሕፍት አንዱን ሁለተኛ ጊዜ ስገልጥ ገጾቹ ከሙጫው ተላቅቀው እቅፌ ላይ ወረዱ። ዋጋው ግን ሳስቶ አላየሁትም። ያዘጋጀው አርታኢ፣ ያረመው ዓይን፣ ገጹን ያሰናዳው ባለሙያ ስሙ አልሰፈረም፤ ምናልባትም አልነበረም። የወረቀት መወደድ ብዙ ነገር ያስረዳል፤ "ሀ" እና "ኀ" አንድ ገጽ ላይ ያለ ሥርዓት መፈራረቃቸውን ግን አያስረዳም። የድጉስ ልጆች ነን፤ ለራሳችን ይህን ያህል መሳሳት አይገባንም።

ገጹ የወረደብኝ መጽሐፍ ይዘቱ የሚወደድ ሆኖ እያለ ነው የተናደድኩት። የዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ "እመጓ" በ2007 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ተከታዮቹ "ዝጎራ"ና "መርበብት" ደግሞ አንባቢ ያሰለፉ ናቸው። መንዝን መነሻ አድርጎ ጉዞን፣ ገዳማትን፣ ተፈጥሮንና ምሥጢር ፍለጋን በአንድ ክር የሚያስኬድ፣ በአማርኛ እምብዛም ያልተሠራበት ዓይነት ትረካ ነው። ንጹሕ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩበታል፤ እኔ አላዞርም። ልቤ እየመታ ነው ያነበብኩት። ለቁም ንባብ ግን አልበቃልኝም፤ ምሥጢሩ ከተፈታ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቆዘሙበት ዐረፍተ ነገር ያንሰዋል።

የሚቆዘሙበት ዐረፍተ ነገር የፈለገ አዳም ረታ አለለት። "የስንብት ቀለማት" በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ ውፍረቱን አይተው የተመለሱ ወዳጆች አሉኝ፤ ምን እንዳመለጣቸው ስነግራቸው ዓመታት ሆኑኝ። አዳም ሕጽናዊነት ብሎ የሰየመው አጻጻፍ ከእንጀራ የተወለደ ሐሳብ ነው። የእንጀራ ዓይኖች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሆነው ሥራቸው የተገናኘ ነው፤ አንዱን ታሪክ ስትነኩት ሌላው ይንቀሳቀሳል። ከውጭ የተቀዳ ዘይቤ ሳይሆን ከምጣድ የተነሣ ዘይቤ መሆኑ ብቻውን ያኮራኛል። አራት ጊዜ ይነበብ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሲወርድ፣ የአይዳ እደማርያምን መጽሐፍ ያዝኩ። በእንግሊዝኛ "የሚስቲቱ ታሪክ" በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝን የኦንዳቼ ሽልማት ያገኘ ነው። አይዳ የአያቷን የየትምኙን ሕይወት ነው የምትጽፈው፤ ጎንደር ተወልዳ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላት ሃያ ዓመት ለሚበልጣት ካህንና ባለቅኔ የተዳረች፣ ጣሊያንን፣ ንጉሡን፣ አብዮቱን ሁሉ በቤቷ ደጃፍ ሲያልፉ ያየች ሴት። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ተጽፎልናል፤ አንዲት ሴት ጌሾ እንዴት እንደምትወቅጥ፣ ልጅ ሲሞትባት እንዴት እንደምትነሣ፣ ለባሏ ጉዳይ ደጅ ስትጠና ምን እንደምትለብስ ግን እንዲህ ባለ ጥራት የጻፈልን ጥቂት ነው። ደራሲዋ ምዕራፎቹን በወሮቻችን ስም ስትከፍት፣ መስከረሙን በአደዩ፣ ጥቅምቱን በአጨዳው ሽታ ትቀባዋለች። እንግሊዝኛ መሆኑን ረስቼ ጮክ ብዬ ያነበብኩት ገጽ አለ። በቤተ አባ ሊባኖስ በኩል ስታልፉ፣ ንግሥት መስቀል ክብራ ለባሏ ለቅዱስ ላሊበላ መታሰቢያ አሠራችው የሚለውን ትውፊት ያስታውሷችኋል፤ ያቺ ንግሥት ምን እንደተሰማት የጻፈልን የለም። አይዳ ለአንዲት የጎንደር እመቤት ያደረገችውን ለንግሥቲቱ የሚያደርግ ብዕር ገና አልተሞረደም።

የዲናው መንግሥቱ "እንደ እኛ ያለ ሰው" (እ.ኤ.አ. 2024) በቨርጂኒያ ስለሚኖሩ ሰዎቻችን የሚናገር፣ በታክሲ ነጂው በሳሙኤል ሞት ዙሪያ የሚሽከረከር ጥሩ ልብ ወለድ ነው። እዚህ ተራራ ላይ ግን አልያዘኝም፤ ውጥረቱ የአውራ ጎዳና መብራት የሚፈልግ ነው። አዲስ አበባ ስመለስ ሌላ ዕድል እሰጠዋለሁ።

የለምን ሲሳይ "ብርሃኑ ይግባ" (እ.ኤ.አ. 2023) ግን ለዚህ ቦታ የታዘዘ ይመስላል። በእንግሊዝ አገር ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልዶ፣ ስሙ ተቀይሮ በማደጎ ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገው ይህ ባለቅኔ፣ እናቱ ያወጣችለትን "ለምን" የሚል ስም መልሶ ያገኘው ካደገ በኋላ ነው። ለፈረንጅ አንባቢ ስሙ እንግዳ ድምፅ ነው፤ ለእኛ ሙሉ ጥያቄ ነው። ለዓመታት ጎሕ ሲቀድ ባለ አራት ስንኝ ግጥም የመጻፍ ልማድ አለው፤ ይህ መጽሐፍ የእነዚያ ጠዋቶች ስብስብ ነው። እንዲህ ያለ ግጥም በአንድ ተቀምጦ አይጨረስም፣ መጨረስም ነውር ነው። በየማለዳው ሁለት ሁለት እያነበብኩ፣ ብርሃኑ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ገደማ ቁልቁል፣ በመስቀሉ ክንዶች ላይ ሲወርድ አየሁ። ከአራቱ አንዱ ግጥም ቀላል ነው፣ የሰላምታ ካርድ ያህል። የቀሩት ሦስቱ ይበቃሉ።

ማታ ማታ ደግሞ የሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ መጽሐፍ ይመጣል። ሊዮን በሚገኘው የፖል ቦኪዩዝ ተቋም ሠልጥኖ የተመለሰው፣ በቴሌቪዥን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ይህ ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ያሳተመው "ኢትዮጵያ" የተሰኘ የምግብ መጽሐፍ የአዘገጃጀት ዝርዝር ብቻ አይደለም። እያንዳንዱን ወጥ ከጾሙ፣ ከበዓሉና ከአገሩ ጋር ያስተዋውቃል። የፒተር ካሲዲ ፎቶግራፎች ሽሮን ከምናውቃት በላይ አስጊጠዋታል። የጎጆዬ አስተናጋጅ፣ ገና ሃያ ያልሞላው ወጣት፣ የዶሮ ወጡን ገጽ አይቶ፣ "ውይ እትዬ፣ ሽንኩርቱ አልተቁላላም!" አለኝ፤ ከፎቶግራፍ ላይ። ከዚያ ወዲህ ያንን ገጽ በጥርጣሬ ነው የማየው። የላስታን ገብስ፣ ጠላውንና ማሩን ደጋግሜ ፈልጌ የጠበቅሁትን ያህል አላገኘሁም፤ ንቦች ንግሥናውን ያወቁለት ንጉሥ አገር ስለ ማር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይገባው ነበር።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቀን ወደ ወይራው ዛፍ ወረድኩ። የኔታ ክንዴ ላይ ያለውን የዴራን መጽሐፍ አይተው ተቀበሉኝ። ሽፋኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ የጥራዙን ጀርባ አገላብጠው አዩ፣ ከዚያ መሐሉን ከፈቱና አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ስለ ማን ነው?"

"ስለ ቅዱስ ላሊበላና ስለ ወገኖቹ ነው የኔታ።"

"በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?"

"በፈረንሳይኛ።"

መጽሐፉን መለሱልኝና፣ "እንግዲያ አንቺ ንገሪኝ" አሉኝ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ፣ እኔ ከፈረንሳይኛው እየመለስኩ፣ እርሳቸው ከገድሉ እያነጻጸሩ፣ አንዳንዱን በ"አንድም" እያስፋፉ፣ አንዳንዱን ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ጣንጠውድም የሚለውን ስም ስጠራ አስተካክለውኝ ነበር፤ አጥብቀሽዋል አሉኝ፣ መላላት ይገባዋል። ይህን ውይይት በማንኛውም የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አልለውጠውም።

በወረርሽኝም፣ በጦርነትም እንግዳ የራቃት ይህች ከተማ ስለ እርሷ ከሚጻፈው እጅግ ጥቂቱን ነው የምታነበው። ካመጣኋቸው አዳዲስ መጻሕፍት መካከል በአማርኛ የነበሩት ሁለት ናቸው፤ "ኦሮማይ" እንኳ ወደ እንግሊዝኛ የሄደ እንጂ ወደ እኛ የመጣ አይደለም። አሳታሚዎቻችን የራስ አገዝና የብልጽግና ምክር መጻሕፍትን በየሳምንቱ ከሚያስተረጉሙበት ቅልጥፍና ሩቡን ለዴራ፣ ለክሬብስና ለአይዳ ቢያውሉት ምን ይላቸዋል? ፈረንሳይኛ የምታውቁ ተርጓሚዎች፣ ከዴራ ጀምሩ። የስሞቹን ንባብ የሚያርሙላችሁ መምህር ላስታ ውስጥ አይጠፉም።

ሻንጣዬ ስመለስ የቀለለችው በሁለት መጻሕፍት ነው። "እመጓ"ን ከነወረደ ገጹ፣ "የስንብት ቀለማት"ን ከነውፍረቱ ለአስተናጋጁ ወጣት ትቼለት መጥቻለሁ።